ከቡና ገለፈት እስከ ውሃ ማጣሪያ፦ ስለ ባዮቻር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከገበሬዎች፣ ከተማሪዎችና ከውሃ ኮሚቴ አባላት ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫቸዋለሁ።

ባዮቻር ምንድን ነው? ከተራ ከሰል በምን ይለያል?

ባዮቻር ማለት የሰብል ተረፈ ምርት አየር አጥሮት ሲከስል የሚቀረው ጥቁር ነገር ነው። እሳት እንደ ልቡ አየር ካገኘ ሁሉንም በልቶ አመድ ያደርገዋል። አየሩ ሲከለከል ግን ሙቀቱ እርጥበቱን፣ ጭሱንና ዝፍቱን አስወጥቶ ካርቦኑን ይተወዋል። ይህ ሂደት ፓይሮሊሲስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይካሄዳል። ከ100 ኪሎ ደረቅ ገለፈት በግምት ከ25 እስከ 35 ኪሎ ባዮቻር ይገኛል።

በመሠረቱ የከሰል ወንድም ነው። የሚለየው የታሰበለት ሥራ ነው። የምድጃ ከሰል ለሙቀት ነው የሚከሰለው። ውስጡ ትንሽ ዝፍት ቢቀርም ማንም አይከፋም፣ እንዲያውም ቶሎ ይያያዛል። ለውሃ የሚሆን ባዮቻር ላይ ግን ዝፍት ከቀረ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ውሃውንም ያበላሻል።

ውሃውን የሚያጸዳው እንዴት ነው? እንደ ወንፊት ነው?

አይደለም። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው። ውሃ ውስጥ የሟሟ እርሳስ ወይም ጸረ ተባይ ግን በየትኛውም ጨርቅና አሸዋ ያልፋል። ባዮቻር የሚሠራው በገጹ ነው። ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ የገጹ ስፋት ያስገርማል። በደንብ የከሰለ ባዮቻር 1 ግራሙ ብቻ 300 ካሬ ሜትር ገጽ ሊኖረው ይችላል። አንድ ቁንጣሪ ውስጥ የአንድ ሙሉ ግቢ ስፋት ተጣጥፎ አለ ማለት ነው።

በካዩ እዚያ ገጽ ላይ ይለጠፋል። አለጣጠፉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ብረቶች ውሃ ውስጥ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። የባዮቻር ገጽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቭ ነው፣ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ከሰሉ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም ቦታውን ለቆ ብረቱ የሚገባበት ጊዜም አለ። ከአመዱ ፎስፌትና ካርቦኔት ጋር ተጣምሮ እንደ ጠጣር የሚቀመጥ እርሳስም አለ። ጸረ ተባይና ቀለምን የመሳሰሉት ደግሞ ከውሃው ይልቅ የካርቦኑን ገጽ ስለሚመርጡ ወደዚያ ይጠጋሉ። ይህን ልዩነት ያዙት። ከታች ላሉት መልሶች ሁሉ መሠረቱ እሱ ነው።

ከየትኛው ተረፈ ምርት ብሠራ ይሻላል?

ከሁሉ በፊት፣ በእርግጥ ትርፍ የሆነው የትኛው ነው? የጤፍ ጭድን በባዮቻር ጽሑፎች ውስጥ “ቆሻሻ” ሲባል ሳይ ቅር ይለኛል። ጭድ የከብት ቀለብ ነው፣ የቤት ጭቃ ማቡኪያ ነው፣ ገበያ ላይም ዋጋ አለው። የበቆሎ ቆረቆንዳም ለብዙ ቤት ማገዶ ነው። እነዚህን ለማጣሪያ ብሎ ከገበሬው መሻማት ትርጉም የለውም።

በእርግጥ ትርፍ የሚሆነው በአንድ ቦታ ተከምሮ የሚጣለው ነው። ለምሳሌ የፎገራ ሜዳ ሩዝ በሚፈለፈልባቸው ወፍጮዎች አካባቢ ያለው ገለፈት። ጅማና ሲዳማን በመሳሰሉ የቡና አካባቢዎች በመፈልፈያዎች ዙሪያ የሚከመረው የቡና ገለፈት። የእንጨት ቤቶች ሰጋቱራ። በሰሊጥ አገር ማሳ ላይ የሚቃጠለው የሰሊጥ አገዳ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ጫት በሚሸጥበት ሁሉ የሚወድቀው ገራባ። ከገራባው ቅጠሉ ቶሎ አመድ ይሆናል፣ ጭራሮው ግን ጥሩ ይከስላል።

ጠባያቸው ይለያያል። የሩዝ ገለፈት ሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ማዕድን) ይበዛዋል፣ ስለዚህ ካርቦኑ አነስ ይላል። ቅርጹን ግን ስለሚይዝ ውሃ በቀላሉ ያሳልፋል። የቡና ገለፈት ፖታሲየም አለበት፣ ከሰሉም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው። ብረቶችን ለመያዝ ይህ ይጠቅማል፣ ግን ብዙ መታጠብ ይፈልጋል። ሰጋቱራ አመዱ ትንሽ ነው፣ ቀዳዳው ጥሩ ነው። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ብረት ላለበት ውሃ የቡና ገለፈት፣ ለሽታና ለጸረ ተባይ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ ጠንካራ እንጨት ወይም ሰጋቱራ እመርጣለሁ።

ከገበያ የገዛሁትን ከሰል ወቅጬ ብጠቀምስ?

ለመጠጥ ውሃ አልመክርም። በአፈር ተሸፍኖ የሚከሰል ከሰል ሙቀቱ ወጥ አይደለም። ከአንዱ ጆንያ ውስጥ በደንብ የከሰለም፣ ግማሹ እንጨት የሆነም፣ ዝፍት የቀረበትም ይወጣል። ጆንያው ምን ተጭኖበት እንደነበረም አይታወቅም። ተጠፍጥፎ የሚሸጠው የዱቄት ከሰልማ ሸክላ ወይም ሌላ ማጣበቂያ ስላለበት ውሃ ውስጥ ይፈርሳል።

ጀሪካንና እንስራ በወይራ እንደማጠን ነው? ወይስ እንደ ሽፈራው ዘር?

ሁለቱም ሌላ ነገር ናቸው። የወይራ ጭስ ለዕቃውና ለጣዕሙ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ ብክለትን አይነካም። የተወቀጠ የሽፈራው ዘር ደግሞ ድፍርሱን አሰባስቦ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። ይህ ባዮቻር የማይችለው ሥራ ነው። እንዲያውም ድፍርስ ውሃ የባዮቻሩን ቀዳዳ ቶሎ ይደፍናል። ስለዚህ መጀመሪያ ማዝቀጥ ወይም በአሸዋ ማሳለፍ፣ ቀጥሎ ባዮቻር ነው ቅደም ተከተሉ።

ጀርም ይገድላል? ልጆች ሳላፈላው ቢጠጡት ችግር አለው?

አዎ፣ ችግር አለው። ባዮቻር ጀርም አይገድልም። የተወሰኑትን ይይዝ ይሆናል፣ ግን ልትተማመኑበት አትችሉም። ጭራሽ ከሳምንታት በኋላ ከሰሉ ላይ ባክቴሪያ ጎጆ ሠርቶ ሊራባ ይችላል። ኮሌራና ተቅማጥ ባለበት አገር ይህን ለይቶ አለመናገር ሰው ይጎዳል። በከሰል ተጣርቶ ጥርት ያለ ውሃ ዓይን ያታልላል።

ከማጣሪያው በኋላ አፍሉት ወይም ክሎሪን ጨምሩበት። ውሃ አጋርን የምትጠቀሙ ከሆነ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ከሰል ክሎሪንን ይበላል። ክሎሪን ጨምራችሁ በባዮቻር ብታሳልፉት ክሎሪኑ እዚያው ይቀርና ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃው ጥበቃ የለውም። መጀመሪያ ማጣሪያ፣ ከዚያ ክሎሪን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ።

የትኞቹን ብክለቶች ይይዛል? የትኞቹንስ አይይዝም?

እርሳስ፣ ካድሚየም፣ መዳብና ዚንክ ደህና ይያዛሉ። ብዙ ጸረ ተባዮች፣ ቀለሞች፣ መጥፎ ሽታና ጣዕም፣ ክሎሪንም እንዲሁ። በዝቅተኛ ሙቀት፣ ከ300 እስከ 450 ዲግሪ ገደማ፣ የከሰለው ገጹ ላይ ኦክስጅን ያለባቸው የአቶም ቡድኖች ስለሚቀሩለት ብረት መያዝ ይወዳል። ከ600 በላይ የከሰለው ደግሞ ቀዳዳው ሰፍቶ ለጸረ ተባይና ለመሰል ነገሮች ይሆናል። “ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ይሻላል” የሚባለው ልክ የሚሆነው ምን መያዝ እንደፈለጋችሁ ስታውቁ ነው።

ናይትሬት፣ ፍሎራይድና አርሰኒክን ግን ተራ ባዮቻር በደንብ አይይዝም። ሦስቱም በአብዛኛው ኔጋቲቭ ቻርጅ ይዘው ነው ውሃ ውስጥ የሚገኙት፣ የከሰሉ ገጽም ኔጋቲቭ ነው፣ ይገፋፋሉ። ተመራማሪዎች ከመክሰሉ በፊት ወይም በኋላ ብረት (አይረን)፣ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም እየጨመሩ ይህን ለመቀየር ይሞክራሉ፣ ይሳካላቸዋልም። ግን ያ የቤት ሥራ አይደለም።

ጨውስ? አይነካውም። የአፋርና የሶማሌ ክልል ጨዋማ ጉድጓዶችን በባዮቻር ጣፋጭ ማድረግ አይቻልም።

ሰፈር ውስጥ በበርሜል መሥራት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በጣም የሚቀለው ከላይ የሚለኮስ በርሜል ነው። የ200 ሊትር ብረት በርሜል ታስመጣላችሁ። ዘይት የነበረበት ከሆነ ባዶውን በእሳት አቃጥላችሁ አጽዱት። ግን ክዳኑ ተነስቶ መሆን አለበት፣ የተዘጋ በርሜል ይፈነዳል። ነዳጅ፣ ኬሚካል ወይም ጸረ ተባይ የነበረበትን ጭራሽ አትንኩት። ከሥሩ ጣት የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በደረቅ ተረፈ ምርት ይሞላና ከላይ ይለኮሳል። ቀጥሎ ጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ክዳን ይደረግበታል። እሳቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሥር የሚወጣው ጭስ ላይኛው ነበልባል ውስጥ ሲገባ ስለሚቃጠል፣ በትክክል ከሠራ ጭሱ ትንሽ ነው። ጭስ ከበዛ ወይ እርጥብ ነው ወይ አየሩ አልተስተካከለም።

ትልቁ ነገር የማቆሚያ ሰዓቱ ነው። ቢጫው ነበልባል አጥሮ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ጋዙ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚነደው ራሱ ከሰላችሁ ነው። ወዲያው ውሃ አፍስሱበት፣ ወይም የታችኛውን ቀዳዳ በአፈር ደፍናችሁ ክዳኑን ግጠሙ። እኔ በመጀመሪያ ሙከራዬ ሰማያዊውን ነበልባል እያየሁ “ትንሽ ይጨመር” ብዬ ዘገየሁ፤ ከበርሜሉ ግማሹ አመድ ሆነ። የሩዝ ገለፈትና ሰጋቱራ ደግሞ ተጠቅጥቀው አየር ስለሚከለክሉ ብቻቸውን በዚህ በርሜል አይከስሉም፣ ከጭራሮ ጋር መደባለቅ አለባቸው።

ውጭ፣ አየር ባለበት ሥሩ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል። በክረምት ምድጃ ቤት አስገብተው የተኙ ሰዎች ላይ የሚደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን። ያልበረደ ከሰልም በጆንያ ከትታችሁ ቤት አታስገቡ። የጠፋ የሚመስለው ከሰዓታት በኋላ ይያያዛል።

በደንብ መክሰሉን ያለ ቴርሞሜትር በምን አውቃለሁ?

በሦስት ነገር። ድንጋይ ላይ ጣል ስታደርጉት እንደ ሸክላ ስባሪ ቅጭል ይላል፣ ደንቆሮ ድምፅ ካለው አልከሰለም። እጃችሁን ያጠቆረው በውሃ ብቻ ይለቃል፤ ቅባት ቅባት ብሎ ሳሙና ካስፈለገ ዝፍት ቀርቶበታል። ስታሸቱት ደግሞ የጭስ ሽታ የለውም። እነዚህ ሻካራ መለኪያዎች ናቸው። ሆኖም ዝፍት ያለበትን ለመለየት ያህል ይጠቅማሉ። ዝፍቱ ውስጥ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ ያልከሰለውን ለውሃ አታውሉት፣ መልሳችሁ አክስሉት።

ማጣሪያውን እንዴት ልሥራው? ምን ያህል ከሰልስ ይበቃል?

ከሰሉን በሙቀጫ ወቅጣችሁ ንፉት። የሚፈለገው ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፣ የጤፍ ፍሬ ከሚያህለው እስከ ስንዴ ክክ ድረስ። ዱቄቱ ውሃ ያስቆማል፣ ትልልቁ ደግሞ ውሃውን ሳይነካ ያሳልፈዋል። የተነፋውን ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡት። ከዚያ በባልዲ ወይም በበርሜል ከሥር ጠጠር፣ ከላዩ አሸዋ፣ ቀጥሎ ባዮቻር፣ ከላይ እንደገና አሸዋ ይደረጋል።

ሰው የሚረሳው ፍጥነቱን ነው። ውሃው ከከሰሉ ጋር ጊዜ ካላገኘ ምንም አይያዝም። ለአክቲቬትድ ካርቦን (ቀዳዳው እንዲበዛ በፋብሪካ የተዘጋጀ ከሰል) ማጣሪያዎች በተለምዶ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይሰጣል። 10 ሊትር ቦታ የሚይዝ ባዮቻር ካላችሁና 20 ደቂቃ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በሰዓት 30 ሊትር ነው ማሳለፍ ያለባችሁ። በደቂቃ ግማሽ ሊትር ማለት ነው፣ ከቧንቧ እንደ ክር የሚወርድ። “ማጣሪያዬ ፈጣን ነው” ያለኝን ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ቀንስ ነው የምለው።

መጀመሪያ የወጣው ውሃ ጠቆረ፣ ጣዕሙም ጨው ጨው አለኝ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ጥቁሩ ዱቄት ነው፣ ጨው ጨው ያለው ከአመዱ የሚለቀቅ ፖታሲየምና መሰል ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ብዙ ባልዲዎች አፍስሱት። የቡና ገለፈት ከሆነ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የስምጥ ሸለቆ ነን፣ የልጆቻችን ጥርስ እየበለዘ ነው። ባዮቻር ፍሎራይድ ያወጣልናል?

ብዙ ተስፋ ተሰንቆ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ልመልስ። ከገለፈትና ከእንጨት የተሠራ ተራ ባዮቻር ፍሎራይድን በበቂ ሁኔታ አያወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የሚለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ማፍላትም አይረዳም፣ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ቀርቶ ይጠነክራል። ነገሩ በጥርስ አያበቃም። በወንጂ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ የስኳር ልማት ሠራተኞች አጥንታቸው እንደተጎዳ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው መዝግበዋል።

ለፍሎራይድ የሚሠራው የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በካልሲየም ፎስፌት ማዕድን የተሞላ ነው፣ ፍሎራይድ ደግሞ ወደዚያ ማዕድን ገብቶ ቦታ ይይዛል። ጥርሳችንን የሚያበልዘውም በዚሁ ዝንባሌው ነው። ጎረቤት ኬንያ ናኩሩ ውስጥ በአጥንት ከሰል የሚሠሩ የማኅበረሰብ ማጣሪያዎች ለዓመታት አገልግለዋል፣ በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። አከሳሰሉ ግን እጅ ይፈልጋል። ሳይበስል ከቀረ ውሃው ይሸታል፣ ነጭ እስኪሆን ከተቃጠለ ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

“የአጥንት ውሃ በጾም ይጠጣል ወይ?” “የማን ከብት ነው?” የሚል ጥያቄም ይነሳል። ይህን ንቆ ማለፍ ፕሮጀክት ይገድላል። ከሰሉ ሥጋም ቅባትም እንደማይቀርበት አሳዩ፣ አጥንቱ ከየት እንደመጣ ንገሩ። የሃይማኖቱን ጥያቄ ግን ለቄሱና ለሼሁ አቅርቡት፣ ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት። ሌላው አማራጭ አልም የሚባለውን ጨውና ኖራ ጨምሮ ማዝቀጥ ነው። በሕንድ ከተማ ስም ናልጎንዳ የሚባለው ዘዴ ነው፣ እኛም ዘንድ ሥራ ላይ ውሏል። ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም የሚሻለው ፍሎራይድ የሌለው ምንጭ ወይም የዝናብ ውሃ ነው።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወይም የአቃቂ ወንዝ ላይ ቢሞከርስ?

ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም በአብዛኛው ሦስተኛው ዓይነት (ክሮሚየም 3)፣ መርዝነቱ ያነሰው ነው። አደገኛው ስድስተኛው (ክሮሚየም 6) ነው። ባዮቻር ስድስተኛውን ወደ ሦስተኛው ቀይሮ መያዝ ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። በጽሑፎች ላይ የምታዩት ከ90 በመቶ በላይ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ የተገኘው ፒኤች 2 አካባቢ፣ እንደ ሎሚ ጭማቂ በኮመጠጠ ውሃ ላይ ነው። ወንዝ እንደዚያ አይኮመጥጥም። በመደበኛው ውሃ ላይ ኃይሉ በጣም ይወርዳል።

ስለዚህ ቦታው ወንዙ ሳይሆን የፋብሪካው መውጫ ነው። ፍሳሹ ተጠራቅሞ፣ ዝቃጩ ተለይቶ፣ ፒኤቹ ተስተካክሎ ከዚያ በመጨረሻ ባዮቻር ቢገባ ይጠቅማል። አቃቂን የሚያህል፣ የከተማ ፍሳሽ፣ ዘይት፣ ብረትና ላስቲክ ተደባልቆ የሚፈስበትን ወንዝ በከሰል ከረጢት ማጽዳት አይቻልም። በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል።

የቡና ማጠቢያ ፍሳሽን በራሱ በቡና ገለፈት ከሰል ማጽዳት ይቻላል?

ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ብቻውን አይችልም። የእሸት ቡና ፍሳሽ ስኳርና የሚያጣብቅ ፔክቲን ነው፣ ተብላልቶም ይኮመጥጣል። ከሰሉን በአንድ ቀን ይሸፍነዋል። መጀመሪያ ገንዳ ውስጥ መዝቀጥና መብላላት፣ ቀጥሎ እንደ ቄጠማና ቬቲቨር ያሉ ተክሎች ባሉበት ረግረግ ማለፍ አለበት። ባዮቻሩ መጨረሻ ላይ ቀለሙንና ሽታውን ይቀንሳል። ማጠቢያው የሚጠቀመውን ውሃ መቀነስ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል።

ከጣና እምቦጭስ ባዮቻር አይሠራም?

ይሠራል። ግን ሒሳቡን አስሉ። እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። 10 ኩንታል እርጥብ እምቦጭ ደርቆ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ቢሆን፣ ከዚያ የሚገኘው ከ15 እስከ 30 ኪሎ ከሰል ነው። ፀሐይ ላይ ማድረቂያ ሰፊ ቦታና ጉልበት ይጠይቃል። ሌላው ነገር፣ እምቦጭ ብረቶችን ከውሃ የሚመጥ ተክል ነው። የተበከለ ውሃ ላይ ያደገ ከሆነ ብረቱ ከሰሉ ውስጥ ይገኛል። ለመጠጥ ማጣሪያ አላስበውም። ለፍሳሽ ማጣሪያ ተመርምሮ ይሆናል። ከሐይቁ ለማስወገድ ከተለቀመ አይቀር ጥቅም ላይ ማዋሉ መልካም ነው፣ የእምቦጭ መፍትሔ አድርጎ ማቅረብ ግን ልክ አይደለም።

ከሰሉ መቼ ነው የሚቀየረው?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። የሞላ ከሰል አይጮህም። ውሃው እንደበፊቱ ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ እርሳሱ ግን ያልፋል። ለግምት ያህል እንዲህ አስቡት። ውሃችሁ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢኖረው፣ ማለትም ከሚፈቀደው 0.01 አሥር እጥፍ፣ ቤተሰቡ በቀን 20 ሊትር ቢያጣራ በየቀኑ 2 ሚሊ ግራም እርሳስ ከሰሉ ላይ ይቀራል። 1 ግራም ከሰል 1 ሚሊ ግራም ይይዛል ብለን ብንነሳ 1 ኪሎው 500 ቀን ይሠራል። ይህ ግን የወረቀት ሒሳብ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዚየም ቦታውን ይሻማል፣ ውሃው በአንድ በኩል ሰርጎ ያልፋል። ከግማሽ በታች አስቡና ቀድማችሁ ቀይሩ።

ለሽታና ለቀለም ከሆነ አፍንጫና ዓይን ይበቃል። ለብረት ግን ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። በክልል የውሃ ቢሮዎችና በዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን ጠይቁ። የገባውንም የወጣውንም ውሃ በአንድ ቀን አስመርምሩ። የወጣው ብቻ ቢለካ ከሰሉ መሥራቱን አይነግራችሁም። ማፍላት ወይም ፀሐይ ላይ ማስጣት የሞላን ከሰል ከብረት ባዶ አያደርገውም።

ያገለገለውን ከሰል የት ልጣለው? ለማዳበሪያ አይሆንም?

በምን እንደሞላ ይወሰናል። ከከብት በረት ወይም ከመጸዳጃ ፍሳሽ አሞኒያና ፎስፌት የያዘ ከሰል ብስባሽ ውስጥ ገብቶ ጀርሙ ከሞተለት ለማሳ ጥሩ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው ኮርኔል ጋር በአጥንት ከሰል ማዳበሪያ ላይ ሠርቷል። ፍሎራይድ ከያዘው ግን ይህን አትሞክሩ።

እርሳስ፣ ካድሚየም ወይም ክሮሚየም የያዘ ከሰል ማሳ ላይ አይበተንም። ምድጃ ውስጥም አይገባም። ሲነድ የተወሰነው ብረት በጭስ ይወጣል፣ ቀሪው አመድ ላይ ይጠነክራል። ያንን አመድ ደግሞ ልጅ ይነካዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል። በትንሽ መጠን ከሆነ በሲሚንቶ አቡክቶ ማጠንከር አንድ መንገድ ነው። የጠነከረውን ከጉድጓድ፣ ከወንዝና ከጎርፍ መንገድ አርቆ መቅበር። የማኅበረሰብ ማጣሪያ ከሆነ የት እንደሚወገድ ከመተከሉ በፊት ይወሰን። አሲድ አፍስሶ ማጠብ ከሰሉን ሊያድሰው ይችላል፣ ግን በምትኩ የባሰ መርዛማ ፈሳሽ ይሰጣችኋል።

በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ልጨምር?

ለሙከራ የሚዘወተረው ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም በቀላሉ ይያዛል። ፖዘቲቭ ስለሆነ የከሰሉ ገጽ ራሱ ይስበዋል። ብዙ ጽሑፎች እሱ ላይ የቆሙት ስለሚያምር ነው። ጥጥ የሚቀለምባቸው ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ኔጋቲቭ ናቸው። የሐዋሳን ወይም የኮምቦልቻን የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ካሰባችሁ በእነሱ ፈትኑት። እርሳስንም በሊትር 100 ሚሊ ግራም ሞልቶ “98 በመቶ አስወገድኩ” ማለት የተለመደ ነው። ያ ከመጠጥ ውሃው ጣሪያ 10,000 እጥፍ ነው። የቀረው 2 በመቶ እንኳ 2 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የሚፈቀደው 200 እጥፍ ነው። በእውነተኛው መጠን ጀምሩ።

በተጣራ ውሃ ፋንታ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ አምጡ። በብልቃጥ ከመናጥ አልፋችሁ ውሃ በሚያልፍበት ቱቦ ለሳምንታት ሞክሩና በስንተኛው ሊትር ብክለቱ ሾልኮ መውጣት እንደጀመረ መዝግቡ። መጨረሻ ላይ ያገለገለውን ከሰል በዝናብ ውሃ ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉና ውሃውን መርምሩ፣ ከያዘው ስንቱን መልሶ እንደለቀቀ ይታያል።